ዝሆን ቢደገፈው

ሰውዬው የሞተው የሠራውን ቤት ሊገዙ ለመጡ ባልና ሚስት ሲያሞግስ ነው። «ዝሆን ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም!» አለና ጀርባውን ለበረንዳው ብረት ሰጠ፤ ብረቱም እሱም አብረው ሄዱ። ከሁለተኛው ፎቅ ግቢው ውስጥ እስከተከመረው ድንጋይ ድረስ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ቤት እየሠራ ሲሸጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያለቅስለት ብዙ ሰው አልተገኘም።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተሸፍኗል፤ ተጠርጣሪም ተይዟል። የበረንዳውን ብረት የሠራው በያጅ በካቴና ታስሮ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጧል።

«ብረቱን የሠራው እሱ ነው፤ ብረቱ ወደቀ፤ ሰው ሞተ» አላት ፖሊሱ። «ደግሞ ልማደኛ ነው። ከስድስት ዓመት በፊትም ይኸው ሰውዬ የሸጠው ቤት የበረንዳ ብረት ወድቆ ሰው ሲሞት፣ ሁለት ዓመት ታስሯል።»

ባልደረቦቿ መርማሪዋን «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን አሳልፋ ፍሬ ነገሩን ስለምታስቀር ነው። ራሷም አዲስ ቤት ልግዛ አልግዛ ስትል አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስለዚህ ወደ በረንዳው ከመውጣቷ በፊት ቧንቧ ከፈተች፣ ግድግዳ አንኳኳች፣ በሮቹን ዘግታ ከፈተች። ፖሊሱ «ልትገዛው ነው እንዴ?» ብሎ በሆዱ ሳቀ።

በረንዳው ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ብረቱ የቆመው በስድስት ቋሚዎች ነበር፤ የጥጉ ጎረቤቱን ይዞ ወድቋል። የቀሩትን አንድ በአንድ ነቀነቀች፤ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዙ። የተያዙት ልስኑ ላይ ብቻ በገቡ አጫጭር ብሎኖች ነው። ጥጉ ጋ ግን አራት ወፋፍራም ብሎኖች ከኮንክሪቱ ቀጥ ብለው ወጥተዋል። አልተጣመሙም፤ ኮንክሪቱም አልተሰነጠቀም። ብሎኑን ከላይ የሚያጠብቁት ዳዶዎቻቸው ብቻ የሉም። በኋላ ግቢ ወርዳ አራቱንም ዳዶ ከአሸዋው ክምር ውስጥ አወጣቻቸው፤ ጠርዛቸው በፒንሳ ተፋፍቋል።

በረንዳው ወለል ላይ አንድ ቁራጭ ካርቶን ወድቋል። «ቀለሙ አልደረቀም፣ አይደገፉ» ይላል፤ በሰማያዊ ጠመኔ፣ በሰፊና ጠፍጣፋ ጭረት። መርማሪዋ አውራ ጣቷን በብረቱ ላይ አሻሸች። ድርቅ ብሏል።

መጀመሪያ በያጁን ጠየቀችው።

«ላሳሰረህ ሰው ለምን ተመልሰህ ሠራህ?»

«ከእስር ለወጣ በያጅ ሌላ ማን ሥራ ይሰጣል?»

«ትጠላዋለህ?»

«እንዴት አልጠላው! ግን አልገደልኩትም።»

«ጥጉ ላይ ብቻ ወፍራም ብሎን ለምን?»

«እሱ ነው ያዘዘኝ። ‹ጥጉን አጥብቀህ እሰር፣ ሌላውን እንደነገሩ› አለኝ። የዛን ጊዜም እንደዚሁ ነበር። ለዳኛው ብናገር ማን ሰማኝ? የሞተው ልጅ እናት እዛው ችሎት ውስጥ ፊቴ ላይ ተፉብኝ።»

«ጥጉን ለምን እንደፈለገው አልጠየቅከውም?»

«ገዢ ሲመጣ እኛን ከግቢ ያስወጣናል። ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ?»

ቤቱን የሚያሻሽጠውን ደላላ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም።

«ሁሌም ገዢ ፊት ይደገፋል፣ እዛችው ጥግ ላይ! ማስታወቂያውን ሲያይ ሳቀ። ቀለሙ ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነዋ! ገንጥሎ ጣለው፣ ተደገፈ፣ በቃ።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ማን ማን ገባ?»

«ጠዋት በያጁ የበር ማጠፊያ ሊያስተካክል፤ ከሰዓት ባልየው ፎቶ ሊያነሳ፤ አመሻሽ ላይ የሚስትየው አክስት መጋረጃ ልለካ ብለው ቁልፍ ወሰዱ። ደስ አለኝ፤ መጋረጃ የለካ ሰው ገዝቷል ማለት ነው!»

ባልየው የሂሳብ አስተማሪ ነው። ጠመኔ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ኪሴ ውስጥ አይጠፋም» ብሎ ሁለት ነጫጭ ድብልብል ጠመኔዎች አወጣ። ሟቹን አልወደደውም፤ ጥያቄ ሲያበዛበት «ሚስትህ ትወስን፣ አንተ ተቀመጥ» ብሎታል።

ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ብረቱን ልይዝ ስል አክስቴ ጎትታ መለሰችኝ። ‹ልብስሽን ቀለም ይነካዋል› አለችኝ። ልጇን በአደጋ ካጣች ወዲህ ለኔ አብዝታ ትጠነቀቃለች።»

አክስትየዋ አርባ ዓመት ልብስና መጋረጃ የሰፉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው። የቤት ግዢ ጥያቄ የጻፉበትን ደብተር ሳያቅማሙ ሰጡ። የመጀመሪያው ጉብኝት ቀን ሠላሳ አንድ ጥያቄ አለው፤ ውኃው በቀን ስንት ሰዓት ይመጣል፣ ዝናቡ ወዴት ይፈሳል፣ ካርታው በማን ስም ነው። የሁለተኛው ቀን አራት ላይ ይቆማል፤ አራተኛውም አላለቀም። ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

«የበረንዳው በር ስፋት ስንት ወጣ?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ሁለት ሜትር... ገደማ።»

«ገደማ?»

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ዘጉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው። በያጁ በካቴናው ገባ። አክስትየዋን ሲያይ ደነገጠና አንገቱን ደፋ። ወንፊት ይህንንም አላለፈችውም።

«አደጋ ቢሆን ኖሮ» አለች የቀሩትን ቋሚዎች በአንድ እጇ እያወዛወዘች፣ «ከነዚህ አንዱ ቀድሞ ይወድቅ ነበር። መጀመሪያ የወደቀው ግን በደንብ የታሰረው ነው፤ ጎረቤቱንም የጎተተው እሱ ነው። ዳዶዎቹን የፈታው ሰው ሟቹ የሚደገፍበትን ቦታ ያውቃል፤ ሲደገፍ አይቶታል። በያጁ አላየም። ደግሞ ባለሙያ በብሎን ቁልፍ ይፈታል እንጂ በፒንሳ አያፋፍቅም።»

«እኔ ፒንሳ የለኝም!» አለ ሬዲዮ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ያ ሰው ለገዢዎቹ ይሳሳል፤ ማንም እንዳይደገፍ ማስታወቂያ ሰቀለ። ሟቹ ግን ቀለሙ መድረቁን ስለሚያውቅ መሳቁና መደገፉ አይቀርም። የተጻፈበት ጠመኔ እንደ አስተማሪ ጠመኔ ድብልብል አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው፤ ጨርቅ የሚመተርበት።» ወደ አክስትየዋ ዞረች። «ቤት ልግዛ አልግዛ ማለትን አውቀዋለሁ። ሰው ለመወሰን በቀረበ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል፤ የእርስዎ ቆመ። ከዚያም አርባ ዓመት መጋረጃ ሰፍተው፣ ልለካ ብለው ገብተው፣ አንዲት ቁጥር ሳይጽፉ ወጡ። በያጁ ትናንት የነገረኝ፣ ችሎት ውስጥ የተፉበት እናትስ እርስዎ አይደሉም?»

ሚስትየው «አክስቴ?» አለች።

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከፍተው የስፌት መኪናቸውን ፒንሳ ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ፍርድ ቤት የመጣው የሰውየው ጠበቃ ነበር፤ የራሱን መልክ አላውቀውም። ድርጅቱም ስም ቀይሯል። ግን ልጄ ቤቱን የገዛ ቀን ‹እማዬ፣ ሰውየው ራሱ ተደግፎ አሳየኝ፣ ዝሆን ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም አለኝ› ብሎኛል። ሦስት ወር አልኖረበትም። በሁለተኛው ጉብኝት እየጻፍኩ ያንኑ ቃል ከአፉ ሰማሁ። ጥጉን ትቼ ቀጥሎ ያለውን ነካ አደረግኩት። ተወዛወዘ። እሱ የሚያሳየው ልጄ ያልቆመበትን ቦታ ነበር።»

«ዘመዶችዎን ‹ቤቱን አትግዙ› ማለት ይበቃ ነበር።»

«ሌላ ገዢ ይመጣላ! ሌላ እናት ትመጣለች። በገዛ ቃሉ ነው የሄደው፤ አይቆጨኝም። አሁንም ቢነሳ እፈታበታለሁ።»

ወንፊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለገዢዎቹ ማስታወቂያ ሰቀሉ። ካቴና ሲገባበት ቆመው ላዩት ለዚህ ሰውስ ምን ሰቀሉለት?»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «ብረቱን የሠራው እሱ ነው፣ ድርሻውን ይቅመስ ብዬ ነበር።»

«ድርሻው ይኸው ነው» አለች መርማሪዋ፤ አራቱን ወፋፍራም ብሎኖች አሳየቻቸው። «የታዘዘውን ሠራ። እውነቱን ለዳኛ ተናገረ። ያመነው የለም፤ እርስዎም ጭምር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከበያጁ እጅ ፈታ። ሴትዮዋ ሳይጠየቁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ያን ቀን የተፋሁብህን...»

«እሱን ያኔውኑ ጠርጌዋለሁ፣ እማማ» አለ በያጁ የእጁን አንጓ እያሻሸ። «ሁለቱን ዓመት ግን በምን ልጥረገው?»

ሴትዮዋ ፖሊሱን ተከትለው ሄዱ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ደብተሩን አንቺ ያዢው፤ ሌላ ቤት ስታዩ ሁሉንም ጠይቁ። መጀመሪያ ግን ነቅንቁ። ሻጩ ካሳያችሁ ቦታ አይደለም፤ ራቅ ብላችሁ።»