ያልዋዠቀችው ነጥብ

ከብት ነጋዴው ሙሐረም ኬንያ ሞያሌ በሚገኘው መጋዘኑ ውስጥ በገመድ ታንቆ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሃጂራ ስትደርስ ገዳዩ አስቀድሞ ተመርጦላት ነበር። የሟቹ ወንድም መሐዲ፣ ጠዋት ከኮረብታው ጀርባ ካለችው መንደር ከኦቦ የተመለሰውን የሟቹን ሾፌር ታፈሰን በካቴና አሳስሮ ደጃፉ ላይ አስቀምጦታል።

«ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» አለች ሃጂራ።

የመለሰላት በኃይሉ ነበር። ይህ ሰው የአማተር ሬዲዮ፣ በግል ማሠራጫ መልእክት የመለዋወጥ፣ አዋቂ ነው። በሙሐረም መኪኖች ላይ ትንንሽ ሬዲዮ ገጥሞ፣ ያሉበትን ቦታ በየጊዜው ወደ ኮምፒዩተሩ እንዲልኩ አድርጓል።

«ታፈሰ ኦቦ አደርኩ ይላል፤ የኮምፒዩተሬ ካርታ ግን የሚነዳት ላንድክሩዘር ሌሊቱን እዚህ እንደቆመች ያሳያል። ለእርስዎ ቴክኒኩ ይከብድዎት ይሆናል፣ አፋንዴ» አላት፣ በአገሩ የፖሊስ ማዕረግ ጠርቶ።

«ይከብደኝ ይሆናል። እስቲ ያሳዩኝ።»

«ጎማ ፈንድቶብኝ ኦቦ ነው ያደርኩት» አለ ታፈሰ። «ግን ከድንበር ማዶ የመጣ ሾፌርን ማን ያምናል?»

መሐዲ ምራቁን እንትፍ አለ።

በበኃይሉ ክፍል ውስጥ ሃጂራ የቀደሙትን ሌሊቶች ጭምር አስከፈተችው። መኪናዋ መጋዘኑ ደጅ ባደረችባቸው ሌሊቶች ቦታዋን የሚያሳዩት ነጥቦች ካርታው ላይ እንደተበተነ ባቄላ ተዘርተዋል። ሙሐረም በተገደለበት ሌሊት ግን ነጥቦቹ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደራርበዋል። ከዚያ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሳጂዳ ሄደች።

«ባልሽን ሰሞኑን ምን ያስጨንቀው ነበር?»

«መኪኖቹን ሽፍታ ይዘርፋቸው ነበር። የሚዘረፉት ሬዲዮ ያላቸው ብቻ ናቸው አለኝ። ለመሐዲ ብነግረው ሳቀብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሃጂራ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የቆመ መኪና ነጥብ ለምን ይበታተናል?» ስትል በኃይሉን ጠየቀችው።

«የሳተላይቱ ልኬት ትንሽ ስለሚዋዥቅ ነው።»

«ታዲያ ይህች ነጥብ ሌሊቱን ሙሉ ለምን አልዋዠቀችም?»

በኃይሉ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ከሳተላይት ስላልመጣች ነዋ። በእጅህ ጽፈህ የላክሃት አንተ ነህ» አለች፤ አንቱታውን ጣል አድርጋ። «ኦቦ ከኮረብታው ጀርባ ስለሆነች የመኪናዋ ሬዲዮ ከዚያ አይሰማም። ሌላ ጊዜ መኪናዋ ከኦቦ ስትመለስ ግን ኮረብታው ጫፍ ላይ ነጥብ ትጥላለች። ያን ሌሊት ጫፉ ላይ ሳትታይ መጋዘኑ ደጅ ተገኘች። በርራ ነው የመጣችው? እንዲህ ያለ መልእክት መላኪያ ያለው ደግሞ በዚህ ከተማ አንተ ብቻ ነህ። መኪኖቹ የት እንዳሉ ለሽፍታ ትነግር ነበር፤ ሙሐረም ደረሰብህና አንቀህ ገደልከው። ከዚያ ሰው የማያምነውን ሾፌር መረጥክ።»

በኃይሉ ከንፈሩን አጣመመ። «ሙሐረም ከላም ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። የሠራሁለት ነገር ምን እንደሆነ እንኳ አይገባውም።»

«ገብቶት ነው የሞተው» አለች ሃጂራ።

በኃይሉን ሲወስዱት መሐዲ ለታፈሰ እጁን ዘረጋ። ታፈሰ አልጨበጠውም። ሳጂዳ ውሃ አምጥታ ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ አጠበችለት፤ መሐዲም እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ።