የኦቶሺራ ወፎች ምስክርነት

አቶ ነዙ ሄይኪቺ በመርከቧ የወንዶች መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው በተገኙ ጊዜ፣ ሰፊው መስኮት ገና የኦቶሺራን ደሴት ያሳይ ነበር። ሰው የማይኖርባት ጥቁር ዓለት ናት፤ በክረምት ነጫጭ ታላላቅ ወፎች እንቁላላቸውን ታቅፈው ይሰነብቱባታል። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት የአሣ ጀልባ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር የሰጠመችው በግርጌዋ ነው። ስለዚህም «ሺራናሚ» የተባለችው መንገደኛ መርከብ የሁለት ወር ጉዞዋን ፈጽማ ወደ ዮኮሃማ ስትመለስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በደሴቲቱ አጠገብ ሞተሯን አለዘበች። መንገደኞቹም በላይኛው ወለል ተሰብስበው ለሟቾቹ ጸለዩ፤ ወደ ባሕሩም አበባ ጣሉ። ነዙ የዚያች ጀልባ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ከሞት የተረፉት እርሳቸውና የጀልባዋ አዛዥ ብቻ ናቸው።

የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ማጋራ ፉሚ፣ ከመታሰቢያው በቀጥታ ተጠርተው ወረዱ። ወደ ባሕር ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ዓመት ለፖሊስ አስከሬን የመረመሩ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሴት ናቸው።

«ሙቅ ውሃ የሽማግሌ ልብ ያቆማል» አሉ ካፒቴን ካጂዉራ። «ጥፋቱ በተዘጋ ሰዓት በሩን የከፈተችላቸው የአስተናጋጇ ነው። እሷ የይቅርታ ደብዳቤ ትፈርማለች፤ እርስዎ የሞቱን ወረቀት ይፈርማሉ። ነገ ጠዋት ወደብ ስንገባ ለፖሊስ እናስረክባታለን፤ በዚያው ያልቃል።»

ዶክተሯ በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን አጫጭር በርጩማዎች በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ሁሉም ደረቅ ነው። የእንጨት ባልዲዎቹ እንደተደፉ ናቸው። ሳሙናውን የነካው እጅ የለም።

«አልፈርምም።»

«ዶክተር፣ ነገሩን ባያወሳስቡብኝ።»

«እኔ ምን አደረግሁ፤ ያወሳሰበው ሳሙናው ነው።»

አስተናጋጇ ወይዘሮ ዮናባሩ ሱዌ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ተቆልፎባቸው፣ በተገለበጠ ቅርጫት ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። አስከሬኑ ከተገኘበት ደቂቃ ጀምሮ ሰው አልቀረባቸውም።

«ጠዋት አቶ ነዙ ምን አሉዎት?» ሲሉ ጠየቁ ዶክተሯ።

«በእጃቸው ወረቀት ይዘው መጡ። ‹በመታሰቢያው መጨረሻ የማነበው ነገር አለኝ፤ ታጥቤ ንጹሕ ሆኜ ላንብበው። ባልሽ ለምን እንዳልተመለሰ ዛሬ ትሰሚያለሽ› አሉኝ። ባሌ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ከፈትኩላቸው።»

«ከዚያስ እርስዎ የት ሄዱ?»

«ሠራተኛ አይወጣበትም ወደተባለው የላይኛው ወለል ወጣሁ። ከነፍስ አድን ጀልባው ኋላ ቆሜ ቆጠርኩ። ያየኝ የለም።»

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

ዶክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎንበስ ብለው ይቅርታ ቢጠይቁ ይቀልልዎታል ይላሉ ካፒቴኑ።»

«ላልበደልኩት ስጎነብስ ኖሬያለሁ፤ ፎጣው ሻከረ ሲሉኝ፣ ወለሉ አዳለጠ ሲሉኝ። ለዚህ ግን ወገቤን ይስበሩት እንጂ አላጥፈውም።»

ከነዙ ጋር በአንድ ክፍል ያደሩት አቶ ሃታኖ ደግሞ በአልጋቸው ጠርዝ ላይ ተኮራምተው ተገኙ። ሁለቱ ሽማግሎች በማንኮራፋት ምክንያት ሲነታረኩ ሁለት ወር እንደሞላቸው የመርከቧ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«መጋዝ ነው እንጂ ሰው አልነበረም» አሉ ሃታኖ። «ዛሬ ማለዳ ክፍሉ ጭጭ ሲልልኝ ለጥ አልኩ።»

«የመታሰቢያው ድምፅ አልቀሰቀስዎትም?»

«ነዙን የለመደ ጆሮ የምድር መናወጥም አይቀሰቅሰው።» ወደ ባዶው አልጋ ተመለከቱ። «አሁን እንቅልፍ ከየት ይመጣል?»

በመታሰቢያው ላይ ካልታዩት የቀሩት የሰጠመችው ጀልባ አዛዥ የነበሩት አቶ ኦኒዙካ ናቸው። የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ ከሳጥን የወጣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል።

«የመበለቶቹን ፊት ማየት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ከመርከቧ ጫፍ ብቻዬን ቆምኩ» አሉ። «የመርከቧ ጡሩንባ ረዝሞ ሲነፋ አጎነበስኩ። ያ ድምፅ አጥንት ይሰብራል፣ ዶክተር።»

«እውነት ነው፣ ይሰብራል» ብለው ዶክተሯ ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በሻይ አዳራሹ ተሰበሰቡ፤ አስተናጋጇንም ከተቆለፈባቸው ክፍል አመጧቸው። ዶክተር ማጋራ ቆመው ተናገሩ።

«በአገራችን ገላውን ሳይታጠብ ወደ ገንዳ የሚገባ የለም፤ ገንዳው የሁሉ ነውና። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አቶ ነዙ ግን በርጩማ ሳይዙ፣ ባልዲ ሳያነሡ ገንዳ ውስጥ ተገኙ። እኚህ ሰው ንጹሕ ሊሆኑ ነበር የወረዱት። እንግዲህ ልብሳቸውን አውልቀው በመስኮቱ ደሴቲቱን ሲያዩ፣ ከኋላ የመጣ ሰው ገፍትሮ ውሃ ውስጥ ይዟቸዋል ማለት ነው። ወረቀታቸውም ከልብሳቸው መካከል የለም።»

«በሩን የከፈተችው እሷ ናት» አሉ ካፒቴኑ።

«ወደዚያ እመጣለሁ። አቶ ኦኒዙካ፣ በጸሎቱ ሰዓት ምን ሰሙ?»

«ነገርኩዎት እኮ። ጡሩንባ።»

ካፒቴን ካጂዉራ ቀና አሉ። «ጡሩንባ አላስነፋሁም።»

ሁሉም ወደ ካፒቴኑ ዞሩ።

«ከጸሎቱ አምስት ደቂቃ በፊት አንዲት መንገደኛ ስለ ወፎቹ ለመነችኝ፤ ከደነገጡ እንቁላላቸውን ጥለው ይበራሉ። ጡሩንባው እንዲቀር እዚያው ወለሉ ላይ በቃል አዘዝኩ እንጂ በድምፅ ማጉያ አላስነገርኩም።»

«ለባሕር ሙታን ጡሩንባ መንፋት የመርከበኛ ሁሉ ልማድ ነው» አሉ ዶክተሯ። «ሃምሳ ዓመት ሲሰማው የኖረ ሰው ታች ውሃ ገንዳ ዳር ሆኖ ባይሰማውም፣ ተነፍቷል ብሎ ይምላል። ታዲያ በጡሩንባው ፈንታ ምን ተሰማ፣ አቶ ኦኒዙካ?»

ሽማግሌው የአዲሱን ሸሚዛቸውን ቁልፍ ዳሰሱ።

«የወጥ ቤቱ የእጅ ደወል» አሉ ወይዘሮ ዮናባሩ ከጥግ። «በቀስታ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ለእያንዳንዱ አንድ። ሰባተኛውን ለባሌ ያዝኩለት።»

«ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፎባቸው ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም» አሉ ዶክተሯ። «የእጅ ደወል ታች አይሰማም፤ ላይ ያልነበረ ይህን አያውቅም።»

ጠቢቡ በስውር የተነገረውን ነገር የሰማይ ወፍ እንደሚያወጣው ጽፏል። የኦቶሺራ ወፎች ግን ከእንቁላላቸው ሳይነሡ አወጡት።

ኦኒዙካ አልካዱም፤ አገጫቸውንም ዝቅ አላደረጉም። «ነዙ የማዕበሉን ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ ሰምቶ ጽፎ ሰጠኝ። ገና የአሣውን ግማሽ እንኳ አልጫንም ነበር፤ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ፣ ዛሬ ጠዋት ‹ሁሉን ጽፌዋለሁ፤ አነበዋለሁ› አለኝ! እኔስ ሠላሳ ዓመት አልሞትኩም?»

«አንተ ሸሚዝ ቀየርክ» አሉ ሃታኖ። «ባሌ እንኳን ሸሚዝ፣ መቃብርም የለው» አሉ ወይዘሮ ዮናባሩ።

እርጥቡ ሸሚዝ ከኦኒዙካ አልጋ ሥር ተገኘ። ካፒቴን ካጂዉራም በሰው ሁሉ ፊት ግንባራቸው ወደ ጉልበታቸው እስኪቀርብ ለአስተናጋጇ ጎነበሱ። ወይዘሮ ዮናባሩ ቀጥ ብለው ተመለከቷቸው። አልፈዋቸው አስከሬኑ ወደተጋደመበት ክፍል ወረዱ።

ደሴቲቱ ከአድማስ በታች በጠፋች ጊዜ ጡሩንባው ረዝሞ ተነፋ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዮናባሩ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በአቶ ነዙ እግር ሥር ወገባቸውን አጠፉ።