ዳክዬ የጠማት ጊዜ

ስንዱ የምትኖረው ጣና ሐይቅ ዳር ነው። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ልጅ ናት።

ምንም ቢነግሯት መልሷ አንድ ነው። «አውቃለሁ!»

አባቷ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ደንገል ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው።

ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ይህንን ስንዱ በደንብ ታውቃለች።

አንድ ቀን አባባ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዛ። ጀልባዋ ነፋስ የሚገፋው ሸራ አላት። ስንዱም «ዳክዬ» ብላ ስም አወጣችላት።

የስንዱ እናት መምህርት ናት። ሰኞ ሐይቁ ውስጥ ወዳለ ደሴት ልታስተምር ትሄዳለች፣ ቅዳሜ ትመለሳለች።

አባባ በዚህ ቅዳሜ እማዬን በዳክዬ እንደሚያመጣት ቃል ገባ። እማዬም ዳክዬ ካልመጣች ከደሴቱ ንቅንቅ አልልም አለች።

ግን ሸራው የሚሰቀልበት የዳክዬ ምሰሶ አርጅቷል። አባባና ጎረቤቶቹ ዳክዬን ጎትተው ከውሃ አወጧት። «ሆ! ሳብ! ሆ! ሳብ!»

አባባ አዲስ ምሰሶ ከባሕር ዛፍ መጥረብ ጀመረ። ቋ! ቋ! ቋ!

ለስንዱም ሥራ ሰጣት። ጆንያ ውሃ ውስጥ እየነከረች ዳክዬን ማልበስ ነው።

«አውቃለሁ!» አለች ስንዱ። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

በማግስቱ አባባ ደንገል ሊያጭድ ሄደ። ስንዱ ጆንያውን ዳሰሰችው። ርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል።

አባባ ተሳስቷል፣ ዳክዬ ልትበሰብስ ነው ብላ አሰበች። ጆንያውን ገፈፈችና «በይ፣ ፀሐይ ሙቂ» አለቻት።

ማታ ደግሞ ብርድ እንዳይመታት ደረቅ ጆንያ አለበሰቻት። በየቀኑ እንዲሁ አደረገች።

ዓርብ ዕለት አዲሱ ምሰሶ ቆመ። ዳክዬን ወደ ውሃ ገፏት። «ሆ! ግፋ! ሆ! ግፋ!»

ጠብ! አለ አንድ ነገር። ጠብ! ጠብ! ከዚያ ፏ! ፏ!

በጣውላዎቹ መሐል ውሃ ገባ። ዳክዬ እስከ መቀመጫዋ ሰመጠች።

ስንዱ አለቀሰች። ነገ ቅዳሜ ነው፣ እማዬ ትጠብቃለች።

«አባባ፣ ፀሐይ ያሞቅኳት እኔ ነኝ» አለች። «እንዳትበሰብስ ብዬ ነው።»

አባባ አጠገቧ ተቀመጠና እንባዋን ጠረገላት።

«ታንኳ መድረቅ ይወዳል» አላት። «የእንጨት ጀልባ ግን ስትደርቅ ጣውላዋ ይኮማተራል። መሐሉ ይከፈታል። ውሃ ስትጠጣ መልሶ ያብጥና ይዘጋል።»

«ታዲያ ዳክዬ ጠምቷታል?»

«አዎ፣ በጣም ጠምቷታል።»

ዳክዬን እዚያው ዳር፣ ውሃው ውስጥ እንዳለች አሰሯት። ስንዱ ወደ ቤት ስትገባ ዞር ብላ «ጠጪ፣ ዳክዬ። ጠጪ» አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ስንዱ ወደ ሐይቁ ሮጠች። ከአባባ ጋር በጣሳ ውሃውን ከዳክዬ ሆድ ቀዱ። ጨለፍ! ጨለፍ! ጨለፍ!

ከዚያ ጆሯቸውን ጣሉ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ዳክዬ ጠጥታ ጠግባለች።

አባባ ሸራውን ሰቀለ። የሸራውን ገመድ ለስንዱ ሰጣት። «አውቃ...» ልትል ጀመረችና ተወችው።

«አባባ፣ ነፋሱ ሲበረታ ምን ላድርግ?»

«ገመዱን ላላ አድርጊው» አላት።

ሽው! ሽው! ዳክዬ ውሃውን እየሰነጠቀች ሄደች። ድንገት ሽውውው! ዳክዬ ወደ ጎን አዘነበለች።

ስንዱ ገመዱን አላላችው። ዳክዬ ቀጥ አለች። አባባ ኮርቶባት ፈገግ አለ።

እማዬ ቦርሳዋን ይዛ ደሴቱ ዳር ቆማለች። ስንዱን ከሩቅ አየቻትና ሁለት እጇን አውለበለበች።

ማታ ስንዱ አልጋዋ ውስጥ ገባች። እማዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«ዳክዬ ውሃ ውስጥ ልታድር ነው?» አለች እማዬ። «አይከፋትም?»

«አይከፋትም። አውቃለሁ» አለች ስንዱ፣ ዓይኗን እየጨፈነች። «አባባን ጠይቄዋለሁ።»