ሳይደርስ የጠራሁት አዛን

ጂን የለም አልልም፣ ቁርኣኑ አለ ካለ አለ፣ ግን ሥራ ፈትቶ እኔን ለማስደንገጥ ከሚሴ ድረስ የሚመጣ ጂን አለ በሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስስቅ ኖሬያለሁ፣ አሁንም ጂን ነው አላልኩም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም ነው ያልኩት። ሰፈሩ ቀጣፊ ብሎኛል፣ የሚስቴ ወንድም ሁሴን ሰላምታዬን አይመልስም፣ እኔ ግን ያደረግኩትን ነገም እደግመዋለሁ፣ አንተው ሰምተህ ፍረድ።

በወጣትነቴ ጅቡቲ ሄጄ ታጁራ ባሕር ላይ ሁለት ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ፣ ለሌላ ሰው ሳወራ ዐሥር ዓመት እላለሁ፣ ዛሬ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው። ይዤ የተመለስኩት አንዲት መሣሪያ ብቻ ነው፣ የመኪና ሬዲዮ የምታክል ሳጥን ናት፣ በሽቦ የተንጠለጠለ ጆሮዋን ውሃ ውስጥ ስትነክርላት ድምፅ ወደ ታች ትልክና ድምፁ የነካውን ሁሉ መስታወቷ ላይ በጥቁር ነጥብና መስመር ታሳይሃለች፣ ጥልቀቱንም በሜትር። ባሕር ላይ አመሻሹን የምታሳየን ነገር ሁሌ አንድ ነበር፣ ቀን ጨለማው ውስጥ ተደብቀው የዋሉት ትንንሾቹ እንደ አቧራ ከሥር ይነሣሉ፣ ከኋላቸው ሻርኩ ይወጣል፣ ሲነጋ ደግሞ ሁሉም ተከታትለው ይወርዳሉ፣ በየቀኑ፣ እንደ ደመወዝተኛ። የጀልባችን አለቃ ሽማግሌ አፋር ነበር፣ መግሪብ ሲቃረብ «እግርህን ሰብስብ» ይለኛል፣ ሌላ አማርኛ አያውቅም።

ባለፈው ረመዳን ሁሴን ጓሮው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ዐሥራ አራት ሜትር ወርዶ ውሃ አገኘ፣ ውሃው ግን ከጉልበት አላልፍ አለው። ላሞቹን በየቀኑ ቦርከና ወንዝ ድረስ መንዳት ሰልችቶታልና ከዒድ በፊት ካልጨረስኩ ብሎ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይወርዳል። ወገቡን የታሰረበትን ገመድ ከላይ የምይዝለት እኔ ነኝ፣ ጫፉን ጉድጓዱ አፍ ላይ ካጋደምነው እንጨት ጋር አስረነዋል። እዚያ ታች የመስጊዱ ድምፅ ስለማይሰማው አዛን ሲል የምነግረውም እኔው ነኝ። እመነኝ፣ በሁሉ ነገር እቀልዳለሁ፣ በአዛን ግን ቀልጄ አላውቅም፣ ይህንን እሱም ያውቃል።

አንድ ቀን መሣሪያዋን አምጥቼ በሞተር ሳይክል ባትሪ አስነሣኋትና ለጨዋታ ያህል ጆሮዋን ወደ ታች ሰደድኩት። ከጉልበት የማያልፈውን ውሃ መቶ ዐሥር ሜትር አለችኝ።

«ሁሴ! ባሕር ላይ ቆመሃል!»

«ሶባህን ተው!» አለኝ ከታች፣ ውሸትህን ማለቱ ነው በኦሮምኛ፣ «ይልቅ ባልዲውን ሳበው!»

አርጅታለች ብዬ ስቄ እዚያው ተውኳት።

በሦስተኛው ቀን፣ ለአዛን ገና ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ከጉድጓዱ ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ እርጥብ ጨርቅ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ያለ ይመስላል። ጎንበስ ብዬ ባይ እንቁራሪቶች ናቸው፣ ከውሃው ወጥተው ግድግዳውን ይዘው ወደ ላይ ይመጣሉ፣ አንድ ሺህ ይሆናሉ፣ እሺ ሠላሳ፣ አንዳቸውም አይጮኹም። በእግሮቼ መሃል አልፈው አጥሩ ሥር ገቡ። ዞር ብዬ መስታወቷን አየሁ። እንደ አቧራ ያሉት ነጥቦች ከሥር ተነሥተዋል፣ ከነሱ በታች አንድ ወፍራም መስመር አለ። ዘጠና ሜትር። ሰማንያ።

«ሁሴ፣ ውጣ!»

«ማል ተኤ? ምን ሆነ?»

«ከሥርህ የሚመጣ ነገር አለ!»

«ዛሬ ደግሞ ዓሣ ነባሪ ነው?» ሳቁ ጉድጓዱን ሞላው። «ሁለት ባልዲ ቀርቶኛል፣ አታድክመኝ!»

ስድሳ። እሱ ካልተባበረኝ ሰባ ኪሎ ሰው ብቻዬን ጎትቼ አላወጣም። አርባ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

«አዛን ብሏል!» ብዬ ጮህኩ።

አካፋው ሲወድቅ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ የቆረጣቸውን መረገጫዎች እየረገጠ፣ እኔም ገመዱን እየሳብኩለት ወጣ፣ ቢስሚላህ ብሎ ቴምር ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣበት። ሁለተኛውን ቴምር እያላመጠ ሳለ የመስጊዱ አዛን፣ እውነተኛው፣ ተሰማ።

ቴምሩን ተፋው። «እንድሪስ» አለኝ፣ እንድሬ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «በፆሜ ትቀልዳለህ?»

«ወላሂ ሁሴ፣ መስመሩን እየው...»

«ዝም በል!» ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ወደ ጉድጓዱ ወረወረውና ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ።

ስለዚህ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባዶውን የተንጠለጠለው ገመድ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ እንጨቱ ሲጥ አለ፣ አንድ ሰው በረጅሙ ተንፍሶ እስኪጨርስ ድረስ እንደተወጠረ ቆየ፣ ከዚያ ላላ። መስታወቷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆናለች።

ሚስቴ ፋጡማ ወንድሜን ፆም አስፈታህብኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። ሼሁ እሱን የፈታኸውን ቀን ሌላ ቀን ጾመህ ቀዳ አውጣ አሉት፣ እኔን ተውበት አድርግ አሉኝ። ስለ ውሸቱ ተውበት አድርጌያለሁ፣ ሰውዬውን ስላወጣሁት ግን አላደርግም፣ የፈለገው ይምጣ።

ሁሴን እንደሆነ ግትር ነው፣ አሁን አዛን የሚያሰማ ስልክ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሌላ ገመድ ያዥ ቀጥሮ ሊወርድ ነው፣ ያውም አመሻሹን። ጠዋት ቆፍረህ በጊዜ ውጣ ብዬ ሰው ላክሁበት፣ ሳቀ። ስለዚህ ገመዱን ስቤ አወጣሁና ቤቴ ወሰድኩት። ትናንት ደጄ ላይ ቆሞ ይጮሃል።

«ገመዴን!»

«አልሰጥም!»

«ሌላ እገዛለሁ!»

«ግዛ፣ እሱንም እወስደዋለሁ!»

ይክሰሰኝ። ገመዱ አልጋዬ ሥር ነው። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ በዚህ በከሚሴ ሙቀት ቀን ቀን እንደ እንጨት ደርቆ ይውላል፣ መግሪብ ብሎ እጄን ስሰድበት ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ቢሆንም አልሰጥም።