የዝምታ ብልቃጥ

ራዲዮ የብልቃጡን ክዳን እየተጣደፈች መልሳ ገጠመችው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከፍታዋለች! ከፍታም ሁለት ጊዜ እፍ ብላበታለች።

ብልቃጡ የአክስቷ ልጅ የዝምታ ነው። ስሞቹን ያወጡላቸው የክፍላቸው ልጆች ናቸው፤ አንዷን ቃል ስለምትቆጥብ «ዝምታ»፣ ሌላዋን ወሬዋ ስለማያልቅ «ራዲዮ»። የሚኖሩት አንድ ቤት፣ የሚቀመጡት አንድ ዴስክ ላይ ነው።

የሳይንስ ክበቡ መምህር ለእያንዳንዱ አባል ጥፍር ጥፍር የሚያክሉ የድንች ግንድ ቁራጮችና የተክል ምግብ ያለባቸው ብልቃጦች ሰጥተው ነበር። «ከዚህች ቁራጭ ቁርጥ እናቱን የሚመስል ሙሉ ድንች ይወጣል። ክሎን ማለት ይኸው ነው» አሉ። «ግን ስትሠሩ አፋችሁን ዝጉ! ትንፋሽ ሻጋታ ያመጣል። ከተነፈሳችሁበት ወዲያው ንገሩኝ፤ ቶሎ በረኪና ውኃ ውስጥ ከነከርነው ሊተርፍ ይችላል።»

አፍ መዝጋት? ለራዲዮ? «አፍ ዳገት አይፈራም» የተባለው ለእሷ እኮ ነው። ሦስት ብልቃጥ አዘጋጀች፤ ሦስቱም ሻገቱ። የዝምታ ግን ቅጠል አወጣ፣ ነጭ ሥር ሰደደ። ዓርብ ዕለት ብልቃጡ ያማረለት አንድ ተማሪ ይመረጥና እረፍቱን እውነተኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ትናንት ማታ እናቷ ደግሞ፣ «እስቲ የአክስትሽን ልጅ እያት! ድምጿ ሳይሰማ ሥራዋ ይታያል» አለቻት። ራዲዮ ሌሊቱን በቅናት ስትገላበጥ አደረች።

አሁን ሻጋታው የሚታየው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ልክ ዓርብ ነው። ያኔ «የእሷም ሻገተባት» ይባላል፤ አለቀ።

በሩ ተከፈተና ዝምታ ከመምህሩ ጋር ገባች።

«ራዲዮ፣ ቲቸርን ለምኜልሻለሁ» አለች፤ ለእሷ ይህ ረጅም ንግግር ነው። «ምግብ ያለበት አንድ ብልቃጥ ተርፏል። የኔን ድንች ለሁለት ቆርጠን ላንቺም እንትከል።»

«ያንቺን? ኧረ... ለምን ትቆርጫለሽ?» አለች ራዲዮ።

«ክሎን አይደል? ያንቺም የኔም ያው ነው።»

መምህሩ ጀርም የሚገድለውን የአልኮል ኩራዝ እሳት ለኮሱ። ዝምታ ምላጩን ዘረጋችላት። ራዲዮ ተቀበለች። ዳገት የማይፈራው አፏ ተሳሰረ። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ማንም። ዓርብ ግን ዝምታ ሻጋታውን ስታይ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ ራሷን ነው የምትወቅሰው። ራዲዮ ታውቃታለች።

ምላጩን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ በረኪናው ይምጣ።»

«ለምን?»

«ክዳኑን ከፍቼ እፍ ብዬበታለሁ። አሁን፣ እናንተ ከመግባታችሁ በፊት። ቀንቼ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዝምታ ብልቃጡን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የኔን ላካፍልሽ ነበር እኮ» አለች።

ራዲዮ የተረፈውን ብልቃጥ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዝምታ ገፋችው።

«ታጥቦ ከተረፈ ሙሉውን እዚህ ትከይው። አይቆረጥም።»

ከዚያ በረኪናውን ከመደርደሪያው አወረደች። እሳቱ አጠገብ ቆማ የበረኪና ውኃውን ሳህን ያዘችላት፤ ዝምታ ሠርታ እስክትጨርስ ድረስም ራዲዮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።