ገጽ ሦስት ከሦስት

ትብለጽ በደረጃው ሥር፣ በአሮጌው የሸክላ ንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን የእንጨት ደረጃ ወጥታ ወርዳዋለች። ዛሬ ግን ከሁለተኛው ፎቅ መደገፊያ ላይ ነው ቁልቁል የወደቀችው። ጥቁር የወንድ ኮት ከግንባሯ እስከ ጉልበቷ ሸፍኗታል። ከበረዶው ሊጠለል የገባውም፣ ወሬ ሊለቅም የገባውም የፒያሳ ሰው ዙሪያዋን ከቦ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥ እንደሆነ አያስከፍልም!

«ዞር በሉ! ሲኒማ ነው እንዴ የምታዩት?»

ኢንስፔክተር ሀኒፋ ነበረች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን በአትክልት ተራ፣ በሽንኩርት ጆንያና በተሸካሚ ጩኸት መሀል ያደገ ድምፅ ነው። የሻሿ ጫፍ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰዉን ከበተነች በኋላ ተንበርክካ ኮቱን ቀስ ብላ አነሳችው። የሟቿን ፊት አየች። ከዚያም የኮቱን ትከሻ፣ እጅጌና ኮሌታ በጣቶቿ ዳበሰች።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ ዕዝራ። የሰነድ ጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ትከሻቸው የበር ስፋት ያለው ሰው። ዓይናቸው ቀልቷል። «ከአምስት ኪሎ፣ ከደንበኛ ዘንድ ስመለስ አገኘኋት። ታክሲ ጠፍቶ በዚያ ሁሉ በረዶ በእግሬ! ጃንጥላ እንኳ አልያዝኩም። እህቴ ማለት እኮ ነበረች!»

«ኢንስፔክተር ይበሉኝ» አለች ሀኒፋ። ኮቱን አጣጥፋ አብሯት ለመጣው ፖሊስ ሰጠችው። «በላስቲክ ይታሸግ። ማንም እንዳይነካው።»

ወደ ላይ ወጣች። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍልና በመስታወት የተከለለ የባለቤቱ ቢሮ ነው። ውል፣ ኑዛዜ፣ የሽማግሌ ስምምነት፣ የአራዳ ሰው ተጣልቶም ታርቆም የሚያስጽፈው ሁሉ ለሠላሳ ዓመት እዚህ ተተይቧል። በትብለጽ ጠረጴዛ ላይ አንድ የታተመ ወረቀት አለ። አናቱ ላይ የጽሕፈት ቤቱ አዲስ ራስጌ፤ ከሥሩ ሦስት መስመር።

«ሰነዶቹን ወደ አዲሱ ቅጽ ሳዛውር አበላሽቻለሁ። ሀፍረቱን አልችለውም። ልጄ ይቅር በይኝ።»

ፊርማ የለውም። ግርጌው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ገጽ 3 ከ 3» ይላል። ሀኒፋ የቀሩትን ሁለት ገጾች ፈለገች። መሳቢያውንም፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም አየች። የሉም።

ደረጃው ላይ የሰው ሩጫ ተሰማ። የትብለጽ አንድያ ልጅ አርሴማ ነበረች። አታለቅስም።

«የንስሐ አባቷ ደወሉልኝ» አለች። «ራሷን ከገደለች ፍትሐት አይደረግላትም አሉኝ። እንደ ውሻ ቅበሯት ማለት እኮ ነው! የኔ እናት! ፍልሰታን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ የማትቀምስ ሴት!»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ለካህኑ ማን ነገራቸው?»

«ጋሽ ዕዝራ። ‹ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኔ ልንገርዎ› ብለው።»

ሀኒፋ ጥርሷን ነከሰች። ሬሳው ሳይነሳ ለንስሐ አባት መደወል! እንዲህ ያለውን ፍጥነት ለአምቡላንስ ቢያደርጉት ምን አለ?

«ቤታችሁ የት ነው?»

«እሪ በከንቱ። ከጋሽ ዕዝራ አባት ግቢ፣ ከጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች። ሽማግሌው አቶ ገብረዮሐንስ ሳይሞቱ ለእማዬ ሰጥተዋታል። ወረቀቱን ግን ጎርፍ ወሰደው። አሁን ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ ሰነድ ያለው ምትክ ያገኛል ተብሏል። እማዬ ‹አይዞሽ፣ የኛ ሰነድ ቢሮ አለ፤ በእጄ ነው የተየብኩት› ትለኝ ነበር።»

ሀኒፋ ሌላ አልጠየቀቻትም። ውሃ አስመጣችላትና ዳኒኤልን ጠራች። ዳኒኤል ሰነዱ ሁሉ በአንድ መልክ የሚተየብበትን አዲሱን ወጥ ቅጽ የሠራው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ። ሸሚዙ ከገላው ተጣብቋል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የበሰበስከው?»

«ማኪያቶ ልጠጣ እዚህ ማዶ ኬክ ቤት ነበርኩ። የአቶ ዕዝራን ጩኸት ስሰማ አስፋልቱን ብቻ ነው የተሻገርኩት። አይተሽዋል እኮ፣ በረዶው ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስለው።»

«ከሟቿ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ቅጹን ያመጣሁ ሰሞን ጮሃብኛለች። ‹አንተ ልጅ፣ ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው› አለችኝ። ከዚያ ደብተር ገዝታ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፈች። በሁለት ሳምንት እኔኑ ታርመኝ ጀመር! ስድስት መቶ ሰነድ ነው ያዛወረችው።»

«ስንቱ ተበላሸ?»

«እኔ እስከማውቀው አንድም የለም።»

ወረቀቱን አሳየችው። ዳኒኤል አነበበና ግርጌው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ እንዴት ይሆናል? ቅጹ ገጹን ራሱ ነው የሚቆጥረው። ባለ አንድ ገጽ ከሆነ ‹1 ከ 1› ነው የሚለው።»

«ዝም በል» አለችው። «እስከ ነገ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ቀጥሎ ሱፊያን ገባ። ሃምሳ የሞላው ጸሐፊ ነው፤ ዓይኑን ከወለሉ አያነሳም። ስድስት ሰዓት ላይ ዙሁር ሊሰግድ እንደወጣ፣ ዝናቡ መስጊድ እንዳቆየው ተናገረ። ትብለጽ ስለምትጾም በምሳ ሰዓት ብቻዋን እንደምትቀር ሁሉም ያውቃሉ።

«ሰነድ ስታዛውሩ ስህተት እንዳይኖር ምን ታደርጋላችሁ?»

«እናነባለን። እሷ አሮጌውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ አዲሱን በጣቴ እከተላለሁ።»

«መጨረሻ ያነበባችሁት ምን ነበር?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ኢንስፔክተር። አምስት ልጆች አሉኝ።»

«እሷም አንዲት አለቻት!» ሀኒፋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ዝም አይነቅዝም ትለኛለህ? ያንተ ዝምታ ወላሂ ነቅዞ እየሸተተ ነው! ነገ ጠዋት እዚሁ እንገናኝ። አስብበት።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከዳኒኤል ጋር ማሽኖቹ ላይ ቆየች። የተዛወሩትን ሰነዶች አንድ በአንድ እያስከፈተች፣ መሀላቸው ባዶ መስመር እያስጨመረች፣ የገጹ ቁጥር ራሱ ይቀየር እንደሆነ ግርጌያቸውን ታያለች። ዳኒኤል ሲሄድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አምስቱም ተሰበሰቡ። አቶ ዕዝራ ጥቁር ለብሰዋል፤ የድንኳኑን ወጪ እሳቸው እንደቻሉ ለገባ ለወጣ ይናገራሉ። አርሴማ በእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ቶሎ ብንጨርስ ጥሩ ነው» አሉ አቶ ዕዝራ። «ለቅሶ ላይ ነን።»

«እኔም ለዚያው ነው የምቸኩለው» አለች ሀኒፋ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ትቀበራለች። በጸሎት ትቀበር ወይስ ያለ ጸሎት፣ እዚህ ነው የሚለየው። ዳኒኤል፣ ስለ ግርጌው ንገራቸው።»

ዳኒኤል ነገራቸው። ቁጥሩን ቅጹ እንዳልጻፈው፣ የሰው እጅ እንደተየበው።

«እሷ ተይባዋለቻ!» አሉ አቶ ዕዝራ። «የቆየ ልማዷ ነው።»

«የቆየ ልማድስ ነው። የማን ልማድ እንደሆነ እንይ። በድሮው ዘመን ማሽኑ እየደከመ ስላስቸገራችሁ እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ነበር የምታስቀምጡት። ባለ ሦስት ገጽ ውል ሦስት ፋይል ነው፤ ቁጥሩም በእጅ ይተየባል። ትክክል ነኝ፣ ሱፊያን?»

«ትክክል ነሽ።»

«ሲዛወር ምን መደረግ አለበት?»

«ሦስቱ ተገጣጥመው አዲሱ ቅጽ ውስጥ ይፈስሳሉ። የእጁ ቁጥር ይጠፋል፤ ቅጹ ራሱ ይቆጥራል።»

«ትናንት ከትብለጽ ሰነዶች አርባውን ከፈትን። ሁሉም ራሳቸው ይቆጥራሉ። ከሱፊያን አርባ፤ እነሱም እንደዚያው። ሦስተኛ ፎልደር ነበረ። ‹የአባቴ ሰነዶች› ይላል። እርስዎ ‹ይሄን እኔ ራሴ አዛውራለሁ፣ ማንም እንዳይነካ› ያሉት። እሱን ስንከፍት ምን አገኘን? አሮጌው ፋይል እንዳለ ነው! ገጹ ተለያይቶ፣ የእጁ ቁጥር ሥሩ ቁጭ ብሎ፣ አናቱ ላይ አዲሱ ራስጌ ብቻ ተለጥፎበት። ሠራተኛውን በወጥ ቅጽ ስም እያስጨነቁ፣ እርስዎ ግን የፈራረሰ ቤት ላይ አዲስ በር ገጠሙ።»

አቶ ዕዝራ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ሽማግሌ ነኝ፤ ኮምፒውተር አልችልም። ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። በዚያ ፎልደር ውስጥ የአባትዎ የቤት ስምምነት አለ። ገጽ 1 ከ 3 አለ። ገጽ 2 ከ 3 አለ። ሦስተኛው የታለ?»

አቶ ዕዝራ ወደ በሩ አዩ።

«እሱ ላይ ነዋ ይሄን የጻፉት!» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ሦስተኛው ገጽ እርስዎ ስክሪን ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ስትጨቃጨቁ የነበረው በሱ ነውና። ጽሑፉን ጠራርገው አጠፉና በቦታው ኑዛዜዋን ተየቡ። ስጦታውንም ተቀባይዋንም በአንድ ጊዜ የቀበሩ መስሎዎት! ግርጌውን ግን አላዩትም። ገጽ አገጣጥመው ስለማያውቁ ግርጌ ማየት አልለመዱም።»

«ይሄ ግምት ነው! እኔ አምስት ኪሎ ነበርኩ!»

«ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ሰባት ተኩል በረዶና ዝናብ ሲወርድ፣ ያለ ጃንጥላ፣ በእግርዎ ነው የመጡት። እንዲያ አይደል ያሉኝ? ዳኒኤል አስፋልት ተሻግሮ በሰበሰ። የእርስዎ ኮት ግን ኮሌታው እንኳ አልረጠበም። ትናንት በነዚህ ጣቶቼ ነው የዳበስኩት። ከዚህ ቤት አልወጡም።»

ያኔ ሱፊያን ተነሳ። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ማክሰኞ አብረን አነበብነው» አለ። «‹የአባቴ ሰነዶች› የሚለውን ፎልደር ከፍታ ገጾቹ አለመገጣጠማቸውን ስታይ ተጠራጠረች። ሁለት አሳተመች፤ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። ‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተም አትልቀቅ› አለችኝ። ‹ሐሙስ በምሳ ሰዓት አናግረዋለሁ› አለች። እኔ... ፈራሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«አንብበው» አለች አርሴማ።

ሱፊያን ጮክ ብሎ አነበበ። «‹በጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እንደ ልጄ ላገለገለችኝ ለትብለጽ በስጦታ የሰጠሁ ስለሆነ፣ ልጄ ዕዝራም ሆነ ሌላ ወራሽ ሊጠይቃት አይችልም።›»

ከዚህ በኋላ ይህን የምተርክላችሁ እኔም ለዕዝራ አንቱታ አልሰጠውም።

«እንድትወድቅ አልፈለግሁም!» አለ ዕዝራ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። «ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ልነጥቃት ስል ወደ ኋላ ሸሸች... መደገፊያው... ገፋ ነው ያደረግኳት!»

«ገፋ!» ሀኒፋ ወንበሯን ገፍትራ ተነሳች። «ስትወድቅ ‹ሰው ድረሱ!› ብለህ ብትጮህ እኮ ምናልባት ትተርፍ ነበር! አንተ ግን ወረቀቱን ከእጇ ለቅመህ ወደ ላይ ተመለስክ። ሥራ እንዳለበት ሰው ቁጭ ብለህ ተየብክ። ፕሪንተሩ እስኪያወጣልህ ጠበቅህ። ከዚያ ወርደህ ኮት አለበስካት። ሥጋዋ አልበቃህ ብሎ ነፍሷን ደግሞ ለካህኑ ከሰስካት! ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገለችህን ሴት!»

ፖሊሱ ቀረበ። ዕዝራ ወደ አርሴማ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አርሴምዬ፣ ስሚኝ ልጄ። ቤቱን ዛሬውኑ እፈርምልሻለሁ። ክፍሎቹን ብቻ አይደለም፣ ግቢውን በሙሉ። ተንሸራታ ወደቀች እንበል። ለእናትሽም ፍትሐቱ ይደረግላታል፣ አንቺም ቤት ታገኛለሽ። እኔን ማሰር ምን ይጠቅምሻል?»

አርሴማ አየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» እያለች ጉልበት የሳመችው ሰው ነው። ስልኳን አወጣችና ለእናቷ የንስሐ አባት ደወለች። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ፊቱ ላይ ደቀነችው።

«ንገራቸው» አለችው። «ትናንት ለመንገር እንደሮጥከው፣ አሁንም አንተው ንገራቸው።»

«ሃሎ፣ አርሴማ?» አሉ የንስሐ አባቷ።

«አባ... ዕዝራ ነኝ» አለ። ሀኒፋ ጎኑ ቆማለች። «ትብለጽ... ራሷን አልገደለችም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ታዲያ ምን ሆና ነው?»

አርሴማ ስልኩን ይበልጥ አስጠጋችለት።

«ገድያት ነው፣ አባ። እኔ ነኝ።»

ካህኑ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ስልኩን ለልጅቷ ስጣት» አሉ። «አርሴማ፣ ልጄ፣ ካህናቱን እሰበስባለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምጧት፤ ሙሉ ፍትሐት ይደረግላታል።»

አርሴማ «እሺ አባ» አለች። ከትናንት ጀምሮ እንባ ያልወጣት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እናቷን በስሟ እየጠራች አለቀሰች።