የተራራቀው ስፌት

ወገኖቼ፣ ቅናት በር አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። የምነግራችሁም የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ግድግዳ ከምንጋራቸው ሁለት እህትማማቾች ቤት የሆነ ነው።

ታላቋ ልብስ ሰፊ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናዋ አትነሳም። አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ ታናሿን ያሳደገች እሷ ናት። ታናሿ ደግሞ በብስክሌት ፖስታ ታድላለች። ሰፈሩ «ፖስተኛዋ መጣች!» እያለ ይቀበላታል፤ እናታቸውም እንግዳ በመጣ ቁጥር የሷን ጉብዝና ታወራለች። ታላቋ ጨርቋ ላይ አቀርቅራ ትሰማለች። «ያሳደግኩ እኔ፣ የምትመሰገነው እሷ» እያለች ውስጧ ይበግናል። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል፤ ምቀኛው የገዛ እህት ሲሆን ግን ጸሎቱ ይከብዳል።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ልብ በነጻ ይመረምራል ተባለና አብረው ሄዱ። ተራ በተራ ተጋደሙ፤ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ፤ ማሽኑም የልባቸውን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ ሣለው። ነርሷ «ሁለታችሁም ደህና ናችሁ» ብላ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች።

የታላቋ ዓይን ግን ወረቀቶቹ ላይ ቀረ። የሷ መስመር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የእህቷ ጫፎቹ የተራራቁ ናቸው። ልብስ ሰፊ አይደለች? ጥቅጥቅ ያለ ስፌት እንደሚበረታ፣ የተራራቀ እንደሚላላ ታውቃለች። በመጨረሻ በአንድ ነገር በለጠቻት! እቤት እስክትደርስ እንኳ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«እማዬ፣ የሷ ልብ እንደ ተራራቀ ስፌት ላልቷል» አለች። «ብስክሌቱ ነው የጨረሳት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይተረተራል።»

«ነርሷ እኮ ደህና ነሽ ብላኛለች፣ እትዬ!»

«ሰው እንዳይደነግጥ ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እናት እሪ አለች። ብስክሌቱን እቃ ቤት አስገብታ ቆለፈችበትና «እኔን ቅበሪና ንጂው!» አለች። ልጅቱ የእናቷን እንባ መቋቋም ስላቃታት አለቃዋን ለምና ደብዳቤ መለያ ክፍል ገባች። አለቃዋም ጤነኛ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ካላመጣች ቦታዋን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገራት።

ታላቋ ያሸነፈች መስሏት ነበር። ግን ታናሿ ከመንገድ ይዛ የምትመጣው ወሬና ሳቅ ቀረ። እራቷን ትቀማምስና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

እናት ቁርጡን ልወቅ ብላ ሁለቱንም ይዛ ወደ ነርሷ ሄደች። ነርሷ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን ዋጠች። ደረጃውን ወጥተው እንዲወርዱ አድርጋ ሽቦውን መልሳ ለጠፈችባቸው። አሁን የታናሿም መስመር ጥቅጥቅ አለ።

«ተሻላት?» አለች እናት።

ነርሷ «ቆይ» አለቻት። ወዲያው የታናሿ መስመር ተመልሶ ተራራቀ። ታላቋ ግን ገና ታለከልካለች፤ መስመሯም እንደተጠቀጠቀ ነው።

«እናቴ፣ ልብ የሚመታው ራሱ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው» አለች ነርሷ። «ስንንቀሳቀስ ይፈጥናል፤ ስናርፍ ይረጋል። ጤነኛ ሰው እንቅስቃሴ ሲያዘወትር ልቡ ይጠነክርና በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል። ስለዚህ ሲያርፍ መጣደፍ አያስፈልገውም። ማዞር ወይም ራስ መሳት ቢኖርባት ሌላ ነገር ነው፤ እሷ ግን ምንም የለባትም። ይቺኛዋም ጤነኛ ናት፤ መቀመጥ ስላበዛች ቶሎ ይደክማታል እንጂ።»

ታላቋ አንገቷን ደፋች።

«እማዬ፣ የታመመው የሷ ልብ አይደለም፤ የኔ ዓይን ነው። እሷን ባመሰገንሽ ቁጥር እቃጠል ነበር።»

እናት የታላቋን እጅ ያዘች። «ቤቱን ያቆምሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አለች። «ምሰሶውን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኔም አላየሁሽም።»

ነርሷም አለቃዋ የጠየቀውን የጤንነት ማስረጃ ጽፋ ለታናሿ ሰጠቻት። ሲመለሱ እቃ ቤቱን የከፈተችው ታላቋ ናት። ጎማው ተንፍሶ ነበር። ፓምፑን አንስታ መንፋት ስትጀምር ልቧ ድው ድው አለ። ታናሿ መዳፏን የእህቷ ደረት ላይ አሳርፋ «እትዬ፣ በርቺ፤ ስፌቱ እየጠበቀ ነው!» አለቻት። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

ወገኖቼ፣ ያልገባችሁን ነገር በቅናት ዓይን አትተርጉሙት፤ ስለ ሰው ጤና ከማውራታችሁ በፊት የሚያውቅ ጠይቁ። ሰውነታችሁንም ወንበር ላይ ረስታችሁት አትዋሉ። ታላቋ አሁን ክር ለመግዛት ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትሄዳለች። ፖስተኛዋ በብስክሌት ስታልፋት ደወሏን ታጮህባታለች፤ ታላቋም እየሳቀች «እህቴ ናት!» ትላለች ለመንገደኛው ሁሉ።